መሬት ሳይለቁ መብረር

ጎንደር፣ ቁስቋም ነው። ጊዜው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ይሆናል። እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠርታለች። ሁለተኛው ሊቀዳ ሲል ከጓዳው በኩል የሚያንቀጠቅጥ የሞተር ድምፅ ተነሣና ቤቱን ሞላው። ጥቂት ቆየና አንድ ነገር ተሰባበረ። ከዚያ ጸጥ አለ።

«ደግሞ ወደቀች!» አለ የወንድሜ ልጅ፣ ለራሱ።

በዚያ ምሽት የወደቀችው ሄሊኮፕተር ዘጠነኛዋ እንደነበረች ኋላ ነግሮኛል። ደግነቱ ሰው አልሞተም፤ ንብረትም አልጠፋም። ልጁ አንዲት ቁልፍ ሲጫን የተሰበረችው ማሽን ተጠግና፣ ነዳጅ ተሞልታ፣ ከነበረችበት ሜዳ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ሃያ ዓመት ገና አልሞላውም። አብራሪ መሆን ይፈልጋል፤ ያውም የሄሊኮፕተር። ትምህርት ቤቱ የእናቴ ጓዳ ነው። መማሪያው ከሰው የገዛው አሮጌ ኮምፒዩተር፣ እጀታው ግራና ቀኝ የሚጠመዘዝ አንድ ጆይስቲክና፣ እርሱ ራሱ በተወለደበት ዘመን፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ማይክሮሶፍት ያወጣው «ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ» የተባለ ፕሮግራም ነው። አስተማሪ የለውም። መብራት በሄደ ቁጥር በረራው ከነአብራሪው ይጠፋል። (መብራት ስለሄደ ብቻ አየር ላይ ያለች ሄሊኮፕተር የምትሰወርበት አገር ሌላ ይኖር ይሆን?)

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥዬ ጆይስቲኩን ተቀብዬ ሞከርኩ። ሦስት ጊዜ ሰብሬ መለስኩለት። ከዚያ ወዲያ አልሳቅሁም። አዲስ አበባ ከተመለስኩም በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀኝ አለ። ለመሆኑ ሰው መሬት ሳይለቅ መብረርን ሊማር ይችላል? ይህን መጀመሪያ ያሰበውስ ማን ነው?

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ የኦርጋን ፋብሪካ ነው። ኤድዊን ሊንክ የተባለ አሜሪካዊ፣ ኒውዮርክ ግዛት ቢንግሃምተን በምትባል ከተማ አባቱ ኦርጋንና ፒያኖ የሚሠራበት ፋብሪካ ነበረው። ወጣቱ ሊንክ የመብረር ፍቅር ያዘው። የዚያን ጊዜ የበረራ ትምህርት ግን ውድ ነው፤ ለአንድ ሰዓት አየር ላይ ለመውጣት ብዙ ገንዘብ ይከፈላል። አባቱ ፋብሪካ ውስጥ ለኦርጋኑ ነፋስ የሚሰጡት ወናፎች አሉ። ሊንክ አንዲት አጫጭር ክንፍ ያላት ትንሽ የእንጨት አውሮፕላን ሠርቶ እነዚያን ወናፎች ከሥሯ አደረገ። ተማሪው መሪውን ወደ ቀኝ ሲገፋ አንደኛው ወናፍ ይነፋል፣ ሌላው ይተነፍሳል፤ ሣጥኗ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። እ.ኤ.አ. በ1929 ፈጠራው ተሠርቶ አለቀ። ሰው ግን እንደ ቁም ነገር አላየውም። ሊንክ ማሽኑን ለጨዋታ ቦታዎች ሸጠ፤ ልጆች ሳንቲም እየከፈሉ ይወዛወዙበት ጀመር። የወንድሜ ልጅ መጫወቻ ቅድመ አያት እንግዲህ ይህ ነው።

መጫወቻው ቁም ነገር የሆነው ሰው ሲሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 የአሜሪካ መንግሥት ፖስታ የማመላለሱን ሥራ ከግል ኩባንያዎች ነጥቆ ለጦር ሠራዊቱ አብራሪዎች ሰጠ። ወቅቱ ክረምት ነበር። አብራሪዎቹ በጠራ ሰማይ እንጂ በደመናና በሌሊት መሣሪያ እያነበቡ መብረር አልለመዱም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአሥር በላይ አብራሪዎች አለቁ። አገሩ ጮኸ። ያኔ ሠራዊቱ የኦርጋን ሠሪውን ልጅ አስታወሰና ስድስት ማሽኖች ገዛው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የሊንክ ሰማያዊ ሣጥኖች በሺሕ የሚቆጠሩ ሆኑ፤ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ አብራሪዎች ክዳኑ ተዘግቶባቸው፣ ሰማይ ሳያዩ፣ በጨለማ መብረርን ተማሩባቸው።

የእኛ የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎች ይህን ዕድል አላገኙም። የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ፈረንሣይ ሠራሿ ፖቴዝ፣ አዲስ አበባ የደረሰችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1930፣ አስፋው ዓሊና ሚሽካ ባቢቼፍ የአብራሪነት ፈቃድ አገኙ። የተማሩት በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ነበር፤ ያውም በዚህ ከፍታ፣ መለዋወጫ ከባሕር ማዶ በሚመጣበት አገር። ስሕተት ዋጋው ስንት እንደሆነ ለማወቅ የሐርለሙን ሰው ሁበርት ጁሊያንን ማስታወስ ይበቃል። ከትሪኒዳድ የተወለደው ይህ ጥቁር አብራሪ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በዓል ዋዜማ፣ በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት፣ አዲሲቱን የቤተ መንግሥት «ጂፕሲ ሞዝ» አውሮፕላን አስነሥቶ ከሰከሳት። እርሱ ተረፈ፤ አውሮፕላኗ አልተረፈችም። ጁሊያንም ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። የምትጫን ቁልፍ አልነበረችም።

* * *

ወደ ጓዳው ልመለስ። አንባቢ «ሄሊኮፕተር ከአውሮፕላን በምን ይብሳል?» ይል ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር።

አውሮፕላን ወደ ፊት እስከሄደ ድረስ ራሱን በራሱ ያስተካክላል፤ መሪውን ለጥቂት ጊዜ ብትለቀው ይታገሥሃል። ሄሊኮፕተር አይታገሥም። አብራሪው በግራ እጁ ኮሌክቲቭ የሚሉትን ማንሻ ይይዛል፤ ማንሻው ሲነሣ ከላይ የሚሽከረከሩት ክንፎች በአንድነት ተጣመው አየሩን ይበልጥ ይቀዝፋሉ፣ ማሽኑም ይነሣል። በቀኝ እጁ ሳይክሊክ የሚባለውን ዘንግ ይዟል፤ ይህ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን መሄጃው ነው። ሁለት እግሮቹ ፔዳል ላይ ናቸው፤ ፔዳሉ የጭራዋን ትንሽ ማራገቢያ ያዛል።

ችግሩ ሦስቱ የሚናበቡ መሆናቸው ነው። ማንሻውን ሲያነሣ ከላይ ያለው ክንፍ ይከብደዋል፤ በዚህ ጊዜ የማሽኑ አካል ክንፉ ከሚዞርበት በተቃራኒ ሊሽከረከር ይዳዳዋል። ያን ለማቆም በእግር ፔዳሉን መርገጥ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የጭራዋ ማራገቢያ ማሽኑን ወደ ጎን ይገፋዋል። ያን ለመግታት ሳይክሊኩን ማዘንበል ያስፈልጋል። ሳይክሊኩ ሲያዘነብል ወደ ላይ ከሚያነሣው ኃይል ጥቂቱ ወደ ጎን ይሄዳልና ማሽኑ ይሰምጣል። እንግዲህ ማንሻውን እንደገና ማንሣት ነው። አንዱ ሲቃና ሌላው ይፈርሳል። ሄሊኮፕተርን ወደ ፊት ማብረር የሚቻል ነገር ነው፤ ጭንቁ አየር ላይ ማቆሙ ነው።

በዚህ ላይ አገር ይለያያል። በአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች ላይ ክንፉ ከላይ ሲያዩት ወደ ግራ ይዞራል፤ በፈረንሣይና በሩሲያ ሥሪቶች ወደ ቀኝ። ስለዚህ በአንዱ የተማረ ሰው ወደ ሌላው ሲዛወር እግሮቹን እንደገና ማስተማር አለበት።

አስተማሪ ባልነበረበት ጊዜስ? እ.ኤ.አ. በ1939 ኪየቭ የተወለደው ኢጎር ሲኮርስኪ ቪኤስ-300 የተባለችውን ማሽኑን ኮኔቲከት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስነሣ ማሽኗ በገመድ ከመሬት ጋር ታስራ ነበር። አብራሪው ራሱ ነው። ፈጣሪውም ተማሪውም አንድ ሰው ስለሆነ እንዳታመልጠው አሰራት። እኔ የወንድሜን ልጅ በዚህ ሚዛን ነው የማየው፤ ገመዱ ኮምፒዩተሩ ነው።

የኮምፒዩተሩንም ነገር ላሳጥረው። ብሩስ አርትዊክ የተባለ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 በመመረቂያ ጽሑፉ፣ ትንሽ ኮምፒዩተር ከአብራሪው መስኮት የሚታየውን ዓለም ልትስል እንደምትችል አሳየ። በ1970ዎቹ ማብቂያ ፕሮግራሙን ለአፕል ኮምፒዩተር አወጣ። በ1982 ማይክሮሶፍት ተቀበለው። ሄሊኮፕተር የገባችው ግን ዘግይታ፣ በ1997 በወጣው እትም ነው፤ «ቤል 206» ነበረች። በ2020 የወጣው፣ መላውን ምድር ከሳተላይት ፎቶግራፍ እየገለበጠ የሚያሳየው እትም እንኳ ያለ ሄሊኮፕተር ወጥቶ ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ ነው የተጨመረለት። ለምን እንደዘገየች ማሽኗን ሦስት ጊዜ ለሰበረ ሰው አይጠፋውም።

* * *

የወንድሜ ልጅ አንድ ቀን ቅሬታ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ይቺ ፕሮግራም ተበላሽታለች መሰለኝ። ባሕር ዳርቻ አሜሪካ ስሆን ትንሿ ሄሊኮፕተር ቀለል ብላ ትነሣለች። አዘዞ ላይ ሳስነሣት ግን ድንጋይ የጫነች ትመስላለች።»

አልተበላሸችም። የአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የዛሬው አፄ ቴዎድሮስ፣ ከባሕር ወለል ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው ያለው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል፤ ቀትር ላይ ሲሞቅ ደግሞ ይብሱን። ክንፉ የሚቀዝፈው ነገር ያንሰዋል፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያጥረዋል። ከዚያ ወደ ደባርቅ፣ ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራራ ቢወጣ፣ ራስ ዳሸን አካባቢ ከ4,500 ሜትር በላይ፣ ከሦስት አንድ እጅ የሚበልጠው አየር የለም። ይህን ስነግረው ልጁ ደስ አለው። ፕሮግራሙ የጎንደርን አየር ያውቀዋል ማለት ነው።

«ቁስቋምንስ ያውቃታል?» አልኩት።

ከአዘዞ ተነሥቶ ወደ ሰሜን በረረ። ተራራው አለ፤ ቅርጹም እውነቱን ይመስላል። ከተማው ግን ማንም ከተማ ነው። የፋሲል ግንብ የለም። ቁስቋም መሆን ባለባት ኮረብታ ላይ አረንጓዴ ቀለምና እዚህም እዚያም የተበተነ ዛፍ ብቻ አለ። እቴጌ ምንትዋብ ባላቸው አፄ በካፋ ካረፉ በኋላ ደብረ ፀሐይ ብለው ያሠሩት ግቢ፣ እቴጌይቱ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱና ከልጅ ልጃቸው ከኢዮአስ ጋር ያረፉበት፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 በእንግድነት ተቀምጦ በፈንጣጣ የታመሙ ልጆችን ያከመበት ግቢ አንድም ድንጋይ አልተቀመጠለትም። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል እንኳ ግድግዳው ቀርቶ ነበር።

ይህን የምለው ፕሮግራሙን ለመውቀስ አይደለም። ሠሪዎቹ ያላዩትን ሊያስቀምጡ አይችሉም። በ2020 የወጣው እትም በሳተላይት ዓይን እየታገዘ እንኳ ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሜልቦርን ላይ አንድ ባለ 212 ፎቅ ግንብ ከሠፈር መካከል ተገትሮ አብራሪዎቹን ጉድ አሰኝቷል። ከካርታው ላይ አንድ ሰው «2» ብሎ ሊጽፍ «212» ጽፎ ነው። ማሽኑ የተነገረውን አመነ።

ጨዋታ ላይ ይህ ያስቃል። ጨዋታ ባልሆነበት ቦታ ግን ምን እንደሚያመጣ እኛ ከማንም ይበልጥ እናውቀዋለን።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ያው ዓይነት አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ላይ 189 ሰዎች ይዞ ባሕር ገብቷል። የሁለቱም ምክንያት አንድ የተበላሸ ጠቋሚ መሣሪያ የሰጠውን የሐሰት መረጃ አምኖ አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋ ኤምካስ የተባለ ስውር ሥርዓት ነበር። ፋብሪካው አስቀድሞ ሲያስረዳ የነበረው ምን ነበር? የቀድሞውን 737 የሚያውቅ አብራሪ ወደ ማክስ ለመሸጋገር ሲሙሌተር ውስጥ መግባት አያስፈልገውም፤ በኮምፒዩተር የሚሰጥ አጭር ትምህርት ይበቃዋል የሚል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እንዲያውም የማክስ ሲሙሌተር ከነበራቸው ጥቂት አየር መንገዶች አንዱ ነበር። ነገር ግን በግንቦት 2011 ዓ.ም. ፋብሪካው አንድ ነገር አመነ፤ ለማክስ የተሠራው ሲሙሌተር ሶፍትዌር አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል አያሳይም ነበር፤ እርማት ተደረገለት። አብራሪዎቹ አፍንጫውን በእጅ ለመመለስ የሚያዞሩት መሽከርከሪያ አውሮፕላኑ በፍጥነት ሲሄድ ምን ያህል ክብደት እንደሚኖረው ማሽኑ እንደ እውነቱ አይነግርም ነበር። ሻምበል አብራሪ ያሬድ ጌታቸውና ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ ከዚያ መሽከርከሪያ ጋር የታገሉት በእውነተኛው ሰማይ ላይ ነው።

ባሕር ማዶ ጥቂቶች ጣታቸውን በአብራሪዎቹ ላይ ሲቀስሩ እኔ የማስበው ይህንን ነበር። ያላስተማሩትን መጠየቅ ከየት የመጣ ልማድ ነው? እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ቦይንግ ሐሳቡን ለውጦ ማክስን የሚያበር ሁሉ ሲሙሌተር ውስጥ ይግባ አለ።

* * *

የልጁ ትምህርት ግን ቀጥሏል፤ ድምፁም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ከመደቡ ሆና «ኧረ አጥፋልኝ!» አለችው። «ይኼ ድምፅ ደግ ነገር ይዞ መጥቶ አያውቅም።»

ያደገችው በዚህ ሰማይ ሥር ነው። ለእርሷ ሄሊኮፕተር ከላይ የሚታይ እንጂ የሚሳፈሩበት ነገር ሆኖ አያውቅም፤ ስለ ጦርነቱ ዘመን ዝርዝር አትናገርም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ታሪኩን ለማያውቅ ግን በዚህ አገር ሄሊኮፕተር ብዙ ገጽ ነበረው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮ አሜሪካ የካርታ ሥራ ቡድን ቀያሾችን ከተራራ ጫፍ እስከ ተራራ ጫፍ ያመላለሰው በሄሊኮፕተር ነው። በየካቲት 1970 ዓ.ም. የሶቪየት ሥሪት ሄሊኮፕተሮች ጦርና ቀላል ታንክ የካራማራን ተራራ አሻግረው ከጅጅጋ ጀርባ አወረዱ።

ለእናቴ መልስ የሰጡት ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤታችን ናቸው። ከወሎ ነው የመጡት። ስኒያቸውን አስቀመጡና «አይ እሜቴ፣ እንዲያስ አይበሉ» አሉ። «በሰባ ሰባት እኛ አገር መጀመሪያ የምትመጣው እሷ ነበረች። ሜዳው ላይ ታርፋለች፤ ሰዉንም ከብቱንም ዘወር በሉ ይሉናል። ቀጥሎ ትልቁ ይመጣና ዝቅ ብሎ እህሉን ይዘረግፈዋል። እኛ እሷን ስንሰማ ነበር ልጆቹን ቀስቅሰን የምንወጣ።»

አዎ፤ ያረፉት የፖላንድ ሚ-8 ሄሊኮፕተሮች ናቸው። የእንግሊዝና የጀርመን ትልልቅ አውሮፕላኖች ማረፊያ በሌለበት ደጋ ላይ እህል ሲጥሉ፣ ሜዳውን አጽድተው ምልክት የሚያስቀምጡት እነርሱ ነበሩ። በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ሳሳ ያለ አየር፣ ሰው በተሰበሰበበት ሜዳ ዳር ማሽኑን አየር ላይ ማቆም ምን ማለት እንደሆነ ከጓዳው ትምህርት በኋላ በመጠኑ ገባኝ።

እናቴ መልስ አልሰጠችም። ልጁ ግን ድምፁን ቀነሰ።

በመጨረሻው ምሽት ጓዳ ገብታ ከኋላው ቆመች። ልጁ ሄሊኮፕተሯን ከአዘዞ አንሥቶ አምጥቷታል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ማሽኗም ትንቀጠቀጣለች፤ ነገር ግን ቆማለች። ሃያ ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ቆጠርኩ።

«የት ነው ያለኸው?» አለችው።

«ቁስቋም ላይ ነኝ፣ እማማ።»

«የታለች ታዲያ?»

«እዚህ ላይ ነው መሆን ያለባት። አላስገቧትም።»

መነጽሯን አስተካክላ ኮረብታውን አየች። ከጀርባው ያለውን ተራራ፣ ሸንተረሩን፣ ወደ ከተማው የሚወርደውን ቁልቁለት ተራ በተራ በጣቷ ተከተለች። «አዎ፣ እሷው ናት» አለች። «ይኸው ከዚህ ነው የምንወጣው። በሩ በዚህ በኩል ነው።»

«ላሳርፋት ነው» አለ ልጁ፤ ማንሻውን ቀስ እያለ ዝቅ ያደርግ ጀመር።

«ኧረ ምን ነካህ! ባትታይህስ? ግቢዋ እኮ ነው። ሂድ፣ ወዲያ ወደ ሜዳው ውሰዳት።»

ልጁ አንገቱን ሳያዞር «እሺ» አለ፤ እጀታውን ወደ ግራ ጠምዝዞ አፍንጫዋን ከኮረብታው ላይ መለሰና ቁልቁል ወደ ሜዳው ወሰዳት።